ጥላ ያለው አበባ፦ በወረቀት ንብርብር የሚያጌጥ የመልካም ምኞት ካርድ አሠራር

ከወረቀት ተቆርጦ በካርድ ላይ የተለጠፈ አበባ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ሥዕል ሆኖ ይቀራል። ያው ወረቀት፣ ያው መቀስና ያው ሙጫ በሌላ እጅ ሲገቡ ግን ከካርዱ ላይ ቀና ብሎ የሚታይ አበባ ይወጣቸዋል። ልዩነቱን የሚያመጣው በንብርብሮቹ መካከል የሚፈጠረው ጥላ ነው። የላይኛው ንብርብር በታችኛው ላይ ጥላውን እንዲጥል በመካከላቸው አየር ሊኖር ይገባል፤ አየር እንዲኖር ደግሞ ሙጫው መሃል ላይ ብቻ ማረፍ፣ ጠርዙም ነፃ ሆኖ መጎበጥ አለበት። ከዚህ በታች የሚገለጸው አሠራር ሁሉ፣ ከወረቀት መረጣ ጀምሮ ካርዱን በፖስታ ውስጥ እስከ ማስቀመጥ ድረስ፣ ይህን ጥላ ለመፍጠርና ሳይጨፈለቅ ለተቀባዩ ለማድረስ የሚደረግ ነው።

ወረቀቱ

የወረቀት ውፍረት የሚገለጸው አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ወረቀት በሚመዝነው ግራም ነው። በቢሮ ማተሚያ የሚሠራበት ተራ ወረቀት በአብዛኛው 80 ግራም ሲሆን ለአበባ ይሳሳል፤ በጣት ቢጎብጥም ቅርጹን ይዞ አይቆይም። ለካርዱ አካል ከ250 እስከ 300 ግራም ያለው ይመረጣል፤ ይህን ያህል ካልወፈረ ካርዱ አበባውን ተሸክሞ መቆም ይሳነዋል። ለአበባው ከ120 እስከ 160 ግራም ያለው ይስማማል። ከዚያ በላይ የወፈረ ወረቀት በእርሳስ ላይ ሲጠቀለል ጎብጦ በመቅረት ፈንታ ይሰበርና በቅጠሉ ላይ ነጭ ስንጥቅ ይተዋል።

ቀለም ያለው ወረቀት ሲመረጥ ከጥጉ ትንሽ ቀደድ አድርጎ ማየት ጠቃሚ ነው። ቀለሙ እስከ ውስጡ የዘለቀ ወረቀት ቢቆረጥም ጠርዙ ያው ቀለም ነው፤ ቀለሙ ላዩ ላይ ብቻ የታተመበት ግን በተቆረጠበት ሁሉ ነጭ መስመር ያሳያል። አራት ንብርብርና በየንብርብሩ ስድስት ቅጠል ያለው አበባ ሃያ አራት ጠርዝ ስለሚኖረው ይህ መስመር ችላ የሚባል አይደለም። በእርግጥ አንዳንድ ሠሪዎች ነጩን ጠርዝ ሆን ብለው ይፈልጉታል፤ በጥቁር ቀይ አበባ ላይ ውርጭ የነካው ያስመስለዋልና። ሳይፈለግ ከመጣ ግን በተመሳሳይ ቀለም እርሳስ ጠርዙን ማለፍ ይበቃል።

ለአንድ አበባ የአንድ ቀለም ሦስት ወይም አራት ደረጃዎችን መጠቀም፣ ለምሳሌ ከፈዛዛ ሮዝ እስከ ደማቅ ቀይ፣ ጥልቀቱን በጣም ያጎላዋል። እኔ የምመርጠው ደማቁን ወደ እምብርቱ፣ ፈዛዛውን ወደ ውጭ ማድረግ ነው፤ የመሃሉ ጥቁረት ጥላውን ያግዘዋልና። ያለው ወረቀት አንድ ቀለም ብቻ ከሆነ በየቅጠሉ ሥር የቀለም እርሳስ ወይም የተፈጨ ጠመኔ በጥጥ ማሸት ያንኑ ውጤት ይሰጣል። የጋዜጣን ዓይነት ርካሽ ወረቀት ግን ለሚቀመጥ ካርድ መጠቀም አይገባም፤ በውስጡ የቀረው ሊግኒን የተባለው የእንጨት ንጥረ ነገር ከብርሃንና ከአየር ጋር ሲገናኝ ወረቀቱን ያቢጨዋል።

ከቀለምም ከውፍረትም ይልቅ የሚረሳው የቃጫው አቅጣጫ ነው። ወረቀት በፋብሪካ ሲሠራ ቃጫዎቹ በአብዛኛው ማሽኑ በሚሄድበት አቅጣጫ ይተኛሉ፤ ስለዚህ ወረቀቱ በአንድ በኩል በቀላሉ ይታጠፋል፣ በሌላው በኩል ይገትራል። አቅጣጫውን ለማወቅ ወረቀቱን ሳይሰብሩ ጎንበስ አድርገው በመዳፍ ቀስ ብለው ይጫኑት፤ ከዚያም አዙረው በሌላኛው በኩል ይሞክሩ። ብዙም ሳይቃወም የጎበጠበት በኩል፣ የጉብጠቱ መስመር ከቃጫው ጋር ትይዩ ነው ማለት ነው። የካርዱ እጥፋት ሁልጊዜ ከቃጫው ጋር ትይዩ ሊሆን ይገባል፤ ተሻግሮ የታጠፈ ወፍራም ወረቀት እጥፋቱ ላይ ይሸረከታል፣ ካርዱም ተዘግቶ አይቀመጥም።

የካርዱ አካል

ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊሜትር ነው። ይህን በረጅሙ ጎን መሃል ላይ በመቁረጥ ሁለት ኤ5 ወረቀቶች ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸው 148 በ210 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆኑ ለሁለት ሲታጠፉ 105 በ148 ሚሊሜትር የሆነ ካርድ ይሰጣሉ። ይህ ልክ 114 በ162 ሚሊሜትር በሆነው ሲ6 ፖስታ ውስጥ ይገባል። ቃጫው በኤ4 ወረቀቱ ርዝመት የተኛ ከሆነ በዚህ አቆራረጥ እጥፋቱ ራሱ ከቃጫው ጋር ትይዩ ሆኖ ያርፋል። ሆኖም በሙከራ ሳያረጋግጡ መቁረጥ አይገባም፤ በስፋቱ የተኛ ቃጫ ያለው ወረቀትም አለና።

ወፍራም ወረቀት ከመታጠፉ በፊት መስመር ሊሳብበት ይገባል። ማስመሪያውን በ105 ሚሊሜትር ላይ አድርገው ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ወይም በሹራብ መሥሪያ መርፌ ጫፍ ጫን እያሉ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይሳቡ። መስመሩ በተሳበበት ፊት ጎድጎድ ያለ፣ በጀርባው ደግሞ አበጥ ያለ ምልክት ይተዋል። ያበጠው በኩል ወደ ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ ሲታጠፍ ውጫዊው ቃጫ ከልክ በላይ ስለማይወጠር አይሰነጠቅም፤ ስለዚህ መስመሩ የሚሳበው ኋላ ውጭ በሚሆነው ፊት ላይ ነው። እጥፋቱን በማንኪያ ጀርባ ሲያስተካክሉ በላዩ ብጣሽ ወረቀት ጣል ያድርጉበት፤ ብረቱ በቀጥታ ከነካው ወረቀቱ ላይ የሚያብለጨልጭ መስመር ይቀራል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ መልእክቱን መጻፍ ያስፈልጋል። አበባው ከተለጠፈ በኋላ ካርዱ ጠረጴዛ ላይ ተስተካክሎ ስለማይተኛ፣ ለመጻፍ ሲባል ከላይ በእጅ ሲጫኑት ከሥሩ ያሉት ቅጠሎች ይጨፈለቃሉ፤ እስክሪብቶውም በጎባጣው ላይ ይንሸራተታል። የካርዱ ወረቀት ጥቁር ወይም ደማቅ ከሆነ መልእክቱን በስስ ነጭ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ከካርዱ በየጎኑ 5 ሚሊሜትር ያህል አሳንሶ ቆርጦ፣ በውስጠኛው ገጽ ላይ መለጠፍ ይቻላል።

አበባው

በኮምፓስ አራት ክቦችን ይሥሩ፤ ዲያሜትራቸው 5.5፣ 4.5፣ 3.5 እና 2.5 ሴንቲሜትር ይሁን። በዚህ ልክ ሲነባበሩ ከእያንዳንዱ ንብርብር ዙሪያውን 5 ሚሊሜትር ያህል ወጥቶ ይታያል። ከዚህ ያነሰ ልዩነት ንብርብሮቹን ያደባልቃቸዋል፤ ከዚህ የበዛ ልዩነት ደግሞ የተደራረቡ ሳህኖች ያስመስላቸዋል። የኮምፓሱ መርፌ መሃል ላይ የሚተወው ቀዳዳ አያሳስብም፤ ኋላ በመርፌ አማካይነት ንብርብሮቹን አንድ መሃል ላይ ለማስተካከል ይጠቅማል፣ በመጨረሻም እምብርቱ ይሸፍነዋል።

ስድስት ቅጠል ለማውጣት ክቡን ለሁለት ያጥፉት፤ የተገኘውን ግማሽ ክብ ደግሞ ሦስት እኩል ቦታ በማጠፍ ጫፉ 60 ዲግሪ የሆነ ሽብልቅ ያድርጉት። የሽብልቁን ሰፊ ወገን በግማሽ ክብ ቅርጽ ሲቆርጡትና ሲዘረጉት ስድስት ክብ ጫፎች ይወጣሉ። ከዚያም በየሁለቱ ቅጠሎች መካከል በእጥፋቱ ላይ ወደ ውስጥ ይሰንጥቁ፤ ስንጥቁ ከመሃሉ 5 ሚሊሜትር ሲቀረው ይቁም፣ በትንሿ ክብ ላይ ግን 3 ሚሊሜትር ሲቀረው። ይህ ዘዴ ስድስት ድርብ ወረቀት በአንድ ጊዜ ስለሚያስቆርጥ 120 ግራም ገደማ ላለው ወረቀት ብቻ የሚሆን ነው። ወፍራሙ ሲታጠፍ ውስጠኛውና ውጫዊው ድርብ እኩል ስለማይሆኑ ቅጠሎቹ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ ይሆናሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ወረቀት በካርቶን ላይ አንድ ናሙና ቆርጦ በእርሳስ ዙሪያውን እየተከተሉ መሣልና በነጠላው መቁረጥ ይሻላል። አምስት ቅጠል የሚፈልግ ሰውም በዲግሪ መለኪያ በየ72 ዲግሪው ምልክት አድርጎ በናሙና መሥራት ይኖርበታል።

በሚቆርጡበት ጊዜ መቀሱ ባለበት ቆሞ ወረቀቱ ይዙር፤ መቀሱን ማዞር በጠርዙ ላይ ጥርስ የመሰለ ሻካራ ምልክት ያስቀራል። ቅጠሎቹ ፍጹም እኩል ባይሆኑ የሚያስቆጭ ነገር የለውም። እንዲያውም በማሽን የተቆረጡ የሚመስሉ አበባዎች ድርቅ ያሉ ናቸውና፣ በእጅ የተሠራን ካርድ በእጅ የተሠራ የሚያሰኘው ይህ ትንሽ መዛነፍ ነው።

ቅርጽ ማውጣቱ ከሥራው ሁሉ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ክፍል ነው። አራት እጥፍ የታጠፈ ፎጣ ጠረጴዛው ላይ ያንጥፉና ቅጠሎቹን በላዩ አድርገው፣ በሻይ ማንኪያ ጀርባ ወይም ጫፉ ድቡልቡል በሆነ ነገር እያንዳንዱን ቅጠል መሃል ለመሃል በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ ይሹት። ከሥሩ ያለው ለስላሳ ነገር ስለሚጎደጉድ ወረቀቱም አብሮ ይጎደጉዳል፤ ቅጠሉ ጠርዙን ወደ ላይ አንሥቶ ይቀራል። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይህን ቢያደርጉ ወረቀቱ ከመብለጭለጭ በቀር አይለወጥም። ቀጥለው የቅጠሉን ጫፍ በእርሳስ ላይ አስደግፈው በአውራ ጣት እየጎተቱ ያጉብጡት። አንድ ጊዜ በኃይል ከመጎተት ሦስት አራት ጊዜ በቀስታ መጎተት የተሻለ ነው። በአንድ ክብ ላይ ካሉት ስድስት ቅጠሎች አንዳንዶቹ ሲታዘዙ ሌሎቹ የሚገትሩት ከላይ በተነሣው በቃጫው ምክንያት ነው፤ ርዝመታቸው ከቃጫው ጋር ትይዩ የሆኑት ጫፋቸው ቶሎ አይጎብጥም። እነዚህን በአፍ እስትንፋስ ጥቂት አለስልሶ እንደገና መሞከር ይረዳል፤ ውኃ መርጨት ግን ወረቀቱን ያጨማድደዋል።

የጉብጠቱ መጠን ከንብርብር ንብርብር ይለያያል፤ አበባው የተፈታ ወይም ያልተፈታ መሆኑን የሚናገረው ይህ ነው። ውጫዊው ንብርብር ጫፉ ጥቂት ወደ ታች ይዘንበል፤ ሁለተኛው ጠፍጠፍ ብሎ ጠርዙ ብቻ ቀና ይበል፤ ሦስተኛው በግልጽ ወደ ላይ ይነሣ፤ አራተኛው ቅጠሎቹ እርስ በርስ ሊነካኩ እስኪደርሱ ድረስ ይሰብሰብ። አራቱንም በአንድ ልክ ማጉበጥ ብዙ ጀማሪዎች የሚያደርጉት ነው፤ ንብርብሮቹ ያን ጊዜ አንዱ በሌላው ውስጥ ስለሚገጥሙ አየሩ ይጠፋል፣ አራት ወረቀት የተደከመበት አበባም እንደ አንድ ወረቀት ይታያል።

ለማጣበቅ ፒቪኤ የሚባለው ነጭ ሙጫ ይመረጣል፤ ሲደርቅ መልኩ ስለሚጠፋና ከደረቀ በኋላም ጥቂት ስለሚለጠጥ። 3 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያላትን ጠብታ በጥርስ መጎርጎሪያ ስንጥር ጫፍ አንሥተው በንብርብሩ መሃል ላይ ብቻ ያሳርፉ። የሚቀጥለውን ንብርብር ሲያስቀምጡ በግማሽ ቅጠል ልክ ያዙሩት፤ ለስድስት ቅጠል 30፣ ለአምስት ቅጠል 36 ዲግሪ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የላይኛው ቅጠል በታችኞቹ ሁለት ቅጠሎች መካከል ባለው ክፍተት ላይ ይውላል። የተፈጥሮ አበባዎችም በብዛት እንዲሁ ናቸው፤ የአንዱ ዙር ቅጠሎች ከቀጣዩ ዙር ጋር ተፈራርቀው ይበቅላሉ። ሦስተኛው ንብርብር ተመልሶ በመጀመሪያው ትክክል ቢውልም በስፋት ስለሚያንስ ችግር የለውም። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ በሁለት በኩል የሚያጣብቅ የስፖንጅ ቁራጭ ቢገባ ጥላው ወዲያውኑ ይጠልቃል። በሁሉም መካከል ማስገባት ግን አበባውን እንደ ግንብ ያቆመዋልና አንድ ቦታ ይበቃል። በሙቀት የሚቀልጠውን ሙጫ ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ቶሎ ቢይዝም ጉብታ ይፈጥራል፣ ክር እየመዘዘም ቅጠሎቹን ያበላሻል።

ለእምብርቱ 1 ሴንቲሜትር ስፋትና 10 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቢጫ ወረቀት ይቁረጡ። አንደኛውን ረጅም ጠርዝ እስከ ሁለት ሦስተኛው ጥልቀት ድረስ እያቀራረቡ በመቀስ እንደ ዘርፍ ከበጣጠሱት በኋላ ያልተቆረጠውን ወገን ሙጫ እያስነኩ በስንጥር ላይ ይጠቅልሉት። ሲደርቅ ዘርፉን በጣት ወደ ውጭ በተን በተን ያድርጉትና መሃል ላይ ይለጥፉት። ለዚህ ብቻ 80 ግራሙ ተራ ወረቀት ከሁሉም ይሻላል፤ ሲጠቀለል አይወፍርም። አረንጓዴዎቹን ቅጠሎች ለመሥራት ብዙ ማለት አያስፈልግም፦ በሁለት ጫፉ የሾለ ቅርጽ ቆርጦ፣ መሃሉን በደረቀው እስክሪብቶ ሰንብሮ በስሱ ማጠፍ በቂ ነው።

የጽጌረዳ መልክ ለሚፈልግ ሌላ አቋራጭ አለ። 10 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያለውን አንድ ክብ ከጠርዙ ጀምሮ እስከ መሃሉ 1.5 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ባለው ጥምዝ መስመር ቆርጦ፣ ከውጨኛው ጫፍ መጠቅለል በመጀመር መሃል ላይ የቀረውን ክብ ቁራጭ መቀመጫ አድርጎ ማጣበቅ ነው። ከመጣበቁ በፊት ጥቅሉን ለቀቅ ማድረግ ይገባል፤ ራሱ ተፈትቶ የሚመችበትን ስፋት ይይዛል። ወደ 1.5 ሴንቲሜትር ከፍታ ስለሚኖረው ግን በእጅ ለሚሰጥ ካርድ እንጂ በፖስታ ለሚላክ አይሆንም።

በካርዱ ላይ ማስቀመጥ

የካርዱ የፊት ገጽ ቀለም አበባውን ያህል ሊታሰብበት ይገባል። ሜሪ ዴላኒ የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1772 በሰባዎቹ ዕድሜዋ ላይ ሳለች የእጽዋትን መልክ ከቀለም ወረቀት እየቆረጠችና እያነባበረች መሥራት ጀምራ፣ በቀጣዮቹ ዐሥር ዓመታት ውስጥ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሥራዎችን ሠርታለች፤ ሥራዎቹ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ሁሉም ማለት ይቻላል ጥቁር መደብ ላይ ያረፉ ናቸው። ጥቁሩ መደብ የፈዛዛውን ቅጠል ጠርዝ አጉልቶ ያወጣዋል፤ ነገር ግን ከአበባው የሚወርደውን ጥላ ይውጠዋል። የእሷ ወረቀቶች ስስና ጠፍጣፋ ስለነበሩ ይህ አልጎዳቸውም። ከፍ ያለ አበባ ላለው ካርድ ግን ጥላው በመደቡ ላይም እንዲታይ ክሬም፣ ፈዛዛ ግራጫ ወይም የደበዘዘ አረንጓዴ መደብ የተሻለ ይመስለኛል፤ ነጭ አበባ ከሆነ ብቻ ጥቁሩን መምረጥ ይቻላል።

አቀማመጡን ሙጫ ሳይቀቡ አስቀድመው ይሞክሩ። አንድ ትልቅና ሁለት ትንንሽ አበባ ለዚህ መጠን ካርድ ይበቃል፤ ትልቁ ከመሃል ወጣ ብሎ በታችኛው አንድ ሦስተኛ ላይ ቢያርፍ ለዓይንም ይስማማል፣ ካርዱም ተከፍቶ ሲቆም ክብደቱ ወደ ታች ስለሆነ ወደ ፊት አይደፋም። አረንጓዴዎቹ ቅጠሎች ከአበባው ሥር ግማሽ አካላቸው ተሸፍኖ ይግቡ፤ ሙሉ በሙሉ ከታዩ ተነጥለው የተለጠፉ ይመስላሉ።

አበባውን በካርዱ ላይ በቀጥታ ከማጣበቅ ይልቅ 95 በ138 ሚሊሜትር በሆነ ሌላ ወረቀት ላይ አጣብቆ ያንን ወረቀት በካርዱ ፊት መለጠፍ ሁለት ጥቅም አለው፦ ስሕተት ቢፈጠር የሚጣለው ወረቀቱ ብቻ ነው፤ መልእክት የተጻፈበት ካርድም በሙጫው ርጥበት አይጣመምም። ነጭ ሙጫ ውኃ ስላለበት ቃጫውን ያሳብጠዋል፤ ቃጫው ሲደርቅ ተመልሶ ይኮማተርና ወረቀቱን ወደ አንድ በኩል ይስበዋል። ስለዚህ ሰፊውን ወረቀት ለመለጠፍ ባለሁለት ገጽ ፕላስተር ወይም ከቱቦው እየተሽከረከረ የሚወጣውን ደረቅ ማጣበቂያ ይጠቀሙ። ክብደት መጫን ካስፈለገ መጻሕፍቱ በጠርዞቹ ላይ እንጂ በአበባው ላይ አይረፉ። ሙጫው በደቂቃዎች ውስጥ ቢይዝም ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው አንድ ቀን ያህል ሲያድር ነውና ካርዱን በዚያው ዕለት ፖስታ ውስጥ መክተት አይገባም።

ማሸግና መላክ

በእጅ የሚሰጥ ካርድ ከላዩ ስስ ወረቀት ጣል ተደርጎበት በጠፍጣፋ ሣጥን ቢቀመጥ በቂ ነው። በፖስታ ለሚሄደው ግን የአበባው ከፍታ ከ5 ሚሊሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ በየአገሩ ያሉ የፖስታ አገልግሎቶች ለደብዳቤ የውፍረት ወሰን ስላላቸው ከዚያ ያለፈው እንደ ጥቅል ተቆጥሮ የበለጠ ሊያስከፍል ይችላል። ከፍታውን ለመቀነስ ስፖንጁን ማስቀረትና አራተኛውን ንብርብር መተው ይበቃል፤ ሦስት ንብርብርም ጠርዙ ነፃ ከሆነ ጥላውን አያጣም። ደብዳቤ የሚለዩ ማሽኖች ፖስታውን በጥቅልሎች መካከል ስለሚያሳልፉት ከአበባው ዙሪያ መከላከያ ያስፈልገዋል፦ ከካርዱ ጋር እኩል የሆነ የሣጥን ካርቶን ቆርጠው አበባው በሚያርፍበት ቦታ ላይ መስኮት ያውጡለትና ከካርዱ ፊት ጋር ደርበው በአንድነት ይክተቱት። ካርቶኑ ጫናውን ይቀበላል፤ አበባው በመስኮቱ ውስጥ ሳይነካ ይጓዛል። ለካርቶኑ የሚሆን ቦታ እንዲኖር ፖስታው ከሲ6 አንድ ደረጃ ከፍ ያለ መሆን አለበት። የተቀባዩን አድራሻ የሚጽፉትም ፖስታው ገና ባዶ ሳለ ነው።